የእትዬ አጸደ ቅቤ

«እንዴት አደሩ፣ እትዬ አጸደ?» አለች ነርሷ ረቂቅ፣ ግራ ጡቷን በመዳፏ ደግፋ።

«ተመስገን፣ ምንም አይለኝም።»

የረቂቅ ደም ፈላ። ለጡት ካንሰር ጨረር የሚወስዱ ሴቶች ቆዳቸው እየተላጠ «ተመስገን» እያሉ ስላስቸገሩ፣ ሕመማቸውን ነርሷም በገላዋ እንዲሰማት የሚያደርግ ፕላስተር ግዴታ ሆኗል። ሕክምናው እስኪያልቅ ከነርሷ ደረት አይነቀልም፤ ቤቷም ይዛው ትገባለች።

«ምን ቀቡት?»

«ኧረ ምንም።»

«እትዬ አጸደ፣ እኔን እየለበለበኝ እኮ ነው።»

ሴትዮዋ ነጠላቸውን ሳብ አደረጉ። «ትንሽ ቅቤ ናት። ጎረቤቴ ያበርድልሻል ብላኝ።»

«ምንም እንዳይቀቡ ስንቴ ልለምንዎት? ሌሊቱን ልጄን ማጥባት አቃተኝ። አፏን ባስጠጋች ቁጥር ስገፋት አደርኩ።»

እትዬ አጸደ ቀስ ብለው እጃቸውን ወደ ረቂቅ ደረት ዘረጉና የፕላስተሩን ጠርዝ ያዙ።

«አይነካም፤ ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ንቀይው። ሂጂና ልጅሽን አጥቢ። ያመኛል፣ ልጄ። በጣም ያመኛል። ይኸው፣ በአፌ ነገርኩሽ።»