ነጩ ደብል ጋቢና

የመኪና ማቆሚያው ጠባቂ ከታላቅ እህቱ ጋር ነው የሚኖረው። ሌላ ሱስ የለበትም፤ ዕድሜውን ሙሉ መዳፍ የማይሞሉ የመኪና ሞዴሎችን ሰብስቦ ሳሎን ደርድሯል። የሚገዛውም በገዛ እጁ ያቆማቸውን መኪኖች ዓይነት ብቻ ነው።

አንድ ጠዋት አቧራቸውን ሲያራግፍ ከመሃላቸው የማያውቀው ነጭ ደብል ጋቢና ፒክአፕ አገኘ። የኋላ መብራቱ ተሰብሯል፤ ታርጋው ላይ ቁጥር አለ።

«እትዬ፣ ይሄን ማን አመጣው?»

«አንተው ነህ እንጂ! ከመጣ ስንት ዓመቱ!» አለችው ሳትዞር።

እትዬ ደግሞ ቀልድ የሚባል ነገር አታውቅም። ነገሩ ከሆዱ አልወጣ ብሎት፣ ቁጥሩን በቃሉ ይዞ ሥራ ገባ።

ማቆሚያው ጥግ ላይ ነጭ ደብል ጋቢና ፒክአፕ ቆሟል። የኋላ መብራቱ ተሰብሯል። ታርጋውን ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ያው ነው።

«ይሄ የማን ነው?» አለው ቲኬት ቆራጩን።

«ምን ነካህ? የራስህን መኪና!»

«ከእትዬ ጋር የዶለታችሁት ነገር አለ መሰለኝ።»

«ኧረ በማላውቀው አታስገባኝ! ይልቅ ሂድ፣ ሚስትህን መጠበቅ ሰለቻት።»

«የምን ሚስት? እኔ መቼ አገባሁ?»

የቲኬት ቆራጩ ሳቅ ፊቱ ላይ ደረቀ።

የጋቢናው መስኮት ዝቅ አለ። በሕይወቱ አይቷት የማያውቅ ሴት አንገቷን አውጥታ፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ወደ ኋላ ወንበር አመለከተችው።

«በሩን ቀስ ብለህ ክፈት» አለችው፤ «ልጆቹ ሲጠብቁህ እንቅልፍ ወስዷቸዋል።»