የሽማግሌው እጅ

ሦስተኛዋ ታካሚ ቅሬታ ይዛ የመጣች ቀን የጥርስ ሐኪሙ ረዳት ምሳውን ሳይቀምስ ዋለ።

የልጅቷም ጥርስ እንደ ሁለቱ ቀዳሚዎች ነበር። የጥርስ ማሰሪያው ብረት ወልቋል፣ ጥርሷ ተስተካክሏል። መብራት ሲበራበት ግን የብረቱ ማጣበቂያ የነበረበት ቦታ ሁሉ ጭረት በጭረት ነው። ኢናሜል የሚሉት ጠንካራው የጥርስ ልባስ አንዴ ከተፋቀ ተፋቀ ነው፤ እንደ ጥፍር መልሶ አያድግም።

ዶክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «ማጣበቂያ መላጫው ማሽን ሰሞኑን ይነክስብኛል» አሉ። «ወይ እጄ ቀድሞኝ ጡረታ ወጥቷል።»

ረዳቱ አልሳቀም። አሥራ አምስት ዓመት አብሯቸው ሠርቷል። ማጣበቂያ በማንሳት እሳቸውን የሚያህል አልነበረም። ማሽኑን በዝግታ ያዞራሉ፣ ነካ አድርገው ይለቃሉ፣ ጥርሱን በአየር አድርቀው ያያሉ፣ ደግመው ነካ ያደርጋሉ። ዓይናቸውን ከታካሚው አፍ አይነቅሉም። መዳፋቸውን ወደ ጎን ሲዘረጉ የሚፈልጉትን ረዳቱ ያስጨብጣቸዋል፤ ለዚህ ቃል አያስፈልጋቸውም።

ከሁለት ወር ወዲህ ግን ባለቤታቸው ስለታመሙ ዶክተሩ እንቅልፍ አጥተዋል። ወንበር ላይ ተቀምጠው ያንጎላጃሉ። በዚያው ሰሞን፣ ዓይነታቸው በየማሸጊያው ላይ ተጽፎ ይመጡ የነበሩት የማሽን ጫፎች ቀርተው በቀለበታቸው ቀለም ብቻ የሚለዩ አዲሶች ሲመጡ፣ ትንንሽ ነገር ማየት ሰለቸኝ ብለው የጫፎቹን ሳጥን ወደ ረዳቱ ገፉት። እሱም ይህን ከድካማቸው ቆጠረው።

ረዳቱን የጨነቀው ሌላ ነገር ነበር። የገዛ ልጁ ብረት ቅዳሜ ይወልቃል። ልጅቷ ሦስት ዓመት ሙሉ አፏን በእጇ ሸፍና ነው የሳቀችው።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ካልሲዎቹን ጥንድ ጥንድ አድርጋ እየቋጠረች ነበር። ለራሱ ከተተወ የአንዱን ቀለም ካንዱ አምታቶ ለብሶ ይወጣል፤ «ዝርክርኩ» የምትለውም ለዚህ ነው። የሆነውን ሲነግራት እጇ ቆመ።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለች። «እኚያ ሰውዬ ልጄን አይነኩብኝም።»

በማግሥቱ የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ ቢሮ ገባ። የሦስቱን ታካሚዎች ነገርና የዶክተሩን ድካም ነገራት። እሷም ዶክተሩን አስጠርታ ሥራ እንዲያቆሙ ነገረቻቸው። ሽማግሌው አልተከራከሩም። ጋዋናቸውን አጥፈው ወንበሩ ላይ አኖሩና በሩ ላይ ሲደርሱ የረዳቱን ትከሻ ያዝ አደረጉ።

«አንተ እንደሆንክ አውቃለሁ» አሉት። «ደግ አደረግህ። እኔም ይህን እጅ ማመን ከተውኩ ሰንብቻለሁ።»

ረዳቱ እስከ ቅዳሜ ድረስ ያን ወንበር ሲያይ ፊቱን ያዞር ነበር።

ቅዳሜ በዶክተሩ ቦታ የተተካችው ወጣት ሐኪም የልጁን ብረት አንድ በአንድ አላቀቀች። የቀረው ማጣበቂያው ነው። ልጅቷ የወንበሩን መደገፊያ ጨምድዳ ይዛ አባቷን ታያለች። ጎንበስ ብሎ አረጋጋት። አረንጓዴ ቀለበት ያለው ጫፍ ሻካራ ነው፣ ጥርስ መቁረጫ ነው፤ ባለ ቀዩ ግን ማጣበቂያውን ብቻ ልጦ ኢናሜሉን አይነካም አላት።

«ያንቺን ራሴ ነኝ የመረጥኩት» አላት። «ለሁሉም የምመርጠው እኔ ነኝ።»

ሐኪሟ ዓይኗን ከልጅቷ አፍ ሳትነቅል መዳፏን ዘረጋች። ረዳቱ ጫፉን ገጥሞ ማሽኑን አስጨበጣት።

ልጅቷ አፏን ገጠመች።

«አባዬ» አለች፣ «ይሄ እኮ አረንጓዴው ነው።»