የሪድዋን ነጥብ

ታኣ፣ አርፋችሁ ተቀመጡ! ኢክላስ፣ አንቺ እንዳልኩሽ ጻፊው፤ አታሳምሪብኝ።

ከሚሴ ኢንተርኔት በገባ ሰሞን ነው። ቶፊቅ የሚባል ልጅ መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር ደርድሮ ቤት ከፈተ። ታዲያ ደንበኛው ኢሜይሉን በከፈተ ቁጥር «ሎተሪ ደርሶሃል!» የሚል ቅጥፈት ይዘረገፍበታል። ቶፊቅ ተናደደና ብልሃት ፈጠረ፤ ኢሜይል ለሚላክበት ኮምፒውተር ቤት ሁሉ ነጥብ ሰጠ። ሁሉም መቶ ይዞ ይጀምራል። ሰው «ይሄ ቀጣፊ ነው» ባለ ቁጥር ይቀነስበታል። ነጥቡ ካለቀ በቃ፣ ከዚያ ቤት የመጣ ሁሉ በር ላይ ይቀራል።

ዓይነ ስውሩ አባ አብዶ በየሳምንቱ፣ በጎረቤት ከተማ በሰንበቴ ገበያ ማግስት፣ ሚስቱን እማ ዓዲላን ተደግፎ ይመጣል። ልጃቸው ሪድዋን በጅቡቲ አድርጎ ሳዑዲ ሄዷል። ቶፊቅ መልእክቱን ያነብላቸዋል።

«አባኮ፣ አባቴ፣ እኔ ደህና ነኝ። ጫት ቀንስ። እራትህን ሳትበላ እንዳትተኛ።»

«ሰማሽ ዓዲላ? እዚያ ሆኖም ይቆጣኛል! ቁጣው እኮ ቁርጥ ያንቺ ነው!» ይላል ሽማግሌው፣ ፊቱ በርቶ።

እሷ ግን ከሰንበቴ ሳትሸጥ የመለሰችውን ሰፌድ ታገላብጣለች።

አንድ ቀን ቶፊቅ ነጥቡን ሲያይ ክው አለ። የሪድዋን ኢሜይል የሚወጣው ከሳዑዲ ሳይሆን እዚሁ አገር፣ ያ የሎተሪ ቅጥፈት ከሚወጣበት ቤት ነው! ደግሞ ልጁ ስለ ሥራው፣ ስለ ሰው አገሩ አንዲት ነገር ተንፍሶ አያውቅም። «ይሄ የሙህዲን ሥራ ነው» አለ። ሙህዲን ሪድዋንን ያሻገረው ደላላ ነው፤ ልጁ ቢጠፋ ተጠያቂው እሱ።

ሄዶ አነቀው። «በዓይነ ስውር ሽማግሌ ትቀልዳለህ? አንተ ነህ የምትጽፈው!»

«ወላሂ እኔ አይደለሁም! ልጁ መንገድ ላይ የደረሰበትን ያኔውኑ ለእናቱ ነግሬያታለሁ፣ ልቀቀኝ!»

ቶፊቅ መች አምኖት። ተመልሶ የቀረችውን ነጥብ ሰረዘና ያንን ቤት ዘጋው።

በሳምንቱ አባ አብዶ መጣ፤ ኢሜይል የለም። በሚቀጥለውም የለም። ከዚያ እማ ዓዲላ ብቻዋን መጣች።

«እህል እምቢ ብሎኛል» አለች። «ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል።»

ቶፊቅ ወንበር ስቦ አስቀመጣትና ነገራት። «እማ፣ የሚጽፈው ሪድዋን አይደለም። ውሸታም ነው። ነጥቡ አልቆ እኔ ነኝ የዘጋሁት።»

አላለቀሰችም። አልተቆጣችም። የነጠላዋን ጫፍ ስትጠቀልል፣ ስትፈታ ቆየችና፣

«ልጄ፣ ሌላ ቤት ሄዶ በአዲስ አድራሻ ቢጽፍስ?» አለችው።

«አዲስማ እስኪዋሽ ይታመናል፣ እማ።»

«አላህ ይስጥህ።»

በሳምንቱ ሰንበቴን ትታ፣ ሰፌዷን ይዛ ባቲ ገበያ ወረደች። ኮምፒውተር ቤት ገባችና ባለቤቱን፣ «የኔ ልጅ፣ አዲስ አድራሻ ክፈትልኝ፤ ስሙን ሪድዋን አብዶ በለው። ከዚያ የሰንበቴው ልጅ ያደርግልኝ እንደነበረው፣ እንደምልህ ጻፍ፦ አባኮ፣ እስካሁን የጠፋሁብህ...» አለችው። አቤት! ኢክላስ፣ በሩ ላይ የሚጠራኝ ማነው? መጣሁ፣ መጣሁ...