የሹሩባው ጥፋት

ከልጇ ጋር ፀጉር ቤቴ የገባችው ሴትዮ ሻሿን ገልጣ የተመለጠ አናቷን ደንበኞቼ ፊት አሳየችኝ።

«አየሽ ያደረግሽኝን? ሹሩባውን አጥብቀሽ ጎትተሽ ፀጉሬን ጨረስሽው!»

ደንበኛው ሁሉ አፈጠጠብኝ። ሃያ ዓመት ሹሩባ ስሠራ የማንንም ግንባር አራቁቼ አላውቅም። ግን ልጇ ጠዋት ብቻዋን መጥታ እግሬ ላይ ወድቃ ነበር።

«የእናቴን ፀጉር የካንሰር መድኃኒቱ ነው ያረገፈው። በሽታዋን ደብቀናታል፤ ሹሩባው ነው ያልናት። እባክሽ፣ ጥፋቱን በራስሽ ላይ ውሰጂልኝ።»

«ይቅርታ እማማ፣ አጥብቄብዎት ነው» አልኩ እየተቃጠልኩ።

ልጇ ታክሲ ልትጠራ ስትወጣ ሴትዮዋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ስለጮህኩብሽ ይቅር በይኝ። ሕመሜን ካወቅኩት ቆይቻለሁ። ማወቄን ልጄ እንዳትሰማ፤ አደራሽን።»