ከግድግዳው ሦስት እርምጃ

ጨርቅ ነጋዴው ዐብደላ አራዳ ውስጥ የተከለውን፣ ኦክ የሚሉትን የፈረንጅ ዛፍ የሚያክል ነገር ከፋሲል ግንብ ወዲህ በጎንደር አልቆመም፤ ቅጠሉን ባራገፈ ቁጥር ሦስት ቀበሌ ያለብሳል። ችግኙን የሰጠው የግብርና ባለሙያ «ከቤት ሃያ እርምጃ አርቀው» ብሎት ነበር። ዐብደላ ግን መንገደኛው ሁሉ እንዲያይለት ብሎ ሚስቱ ራቢዓ ከምትተኛበት ክፍል ግድግዳ በሦስት እርምጃ ተከለው።

በዐሥራ አምስተኛው ዓመት ሥሩ ግድግዳውን ሰነጠቀው። ራቢዓ ደግሞ ወገቧን ታማ ከአልጋ አትነሣም።

«የኡዘይር አባት፣ ቤቱ ሊናድብኝ ነው! ያገባኸው እኔን ነው ዛፉን?» አለችው፣ እንደ ልማዷ በልጃቸው ስም ጠርታ።

ነገሩ አንገበገበው። በጠራራ ፀሐይ መጥረቢያውን ይዞ ሥሩ ላይ ወረደበት፤ ፍልጡ ኮላ ድባ ድረስ ሳይወነጨፍ አልቀረም።

«በለው! ድገመው!» እያለች ራቢዓ ከውስጥ ትስቃለች።

መቶ ጊዜ መታው። ክንዱ ሲዝል መጥረቢያውን እግሩ ሥር ጥሎ ላቡን ጠረገ።

የመጥረቢያው ድምፅ ግን አላቋረጠም። ከግድግዳው ወዲያ፣ ከክፍሉ ውስጥ ይመጣል።

«ውይ፣ መቼ ገባህ?» አለች ራቢዓ። «ምነው አልጋውን ትፈልጠዋለህ? የኡዘይር አባት፣ ተው… ኧረ እግሬን!»