አዲሱ ካርድ

ቤዛዊት የስክሪን ምስል የሚያፈጥነውን አዲሱን የግራፊክስ ካርድ ኮምፒውተሯ ውስጥ ከገጠመች ወዲህ የሕንፃ ንድፍ ቢሮው ሰው ሁሉ ጠረጴዛዋን ከቦ ነው የሚውለው። ሥራውን ከሀ ሁ ጀምሮ ያስተማራት ሰውዬ ግን ጥግ ላይ ከአሮጌ ካርዱ ጋር ተቀምጦ በቅናት ይብሰለሰላል።

«ጋሼ፣ ከምሳ በኋላ የሁለታችንን ካርድ እናወዳድር» አለችው። «የአንድ ቪላ ንድፍ በሁለቱም ስክሪን ላይ እናሽከርክርና የሚፈጥነውን እንይ።»

«እናያለና» አለ። ፈገግታው ከጥርስ ያለፈ አልነበረም።

ሁሉም ለምሳ ሲወጡ እሱ ቀረ። ከጠረጴዛዋ ሥር አጎንብሶ የስክሪኗን ገመድ ከአዲሱ ካርድ ነቀለና ከካርዱ ጋር በማይገናኘው ሌላ ቀዳዳ ላይ ሰካው። ከእንግዲህ ካርዱ ቢኖርም እንደሌለ ነው።

ከምሳ መልስ የእሱ ቪላ እንደ እንዝርት ሲሽከረከር የእሷ እየተንገጫገጨ ቆመ። ከቧት የነበረው ሰው አንድ በአንድ ወደ እሱ ጥግ ሄደ። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

ቤዛዊት ኮምፒውተሯን አጠፋች። ከዚያ የካርዱን ባዶ ካርቶን ከመሳቢያዋ አወጣች።

«ሱቁ ሳይዘጋ ልመልሰው» አለች።

«ምነው፣ ቀስ ብለሽ ትለምጂው የለ?»

«ለእኔ አይደለም እኮ ጋሼ። ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት ብዬ ለእርስዎ ነው የገዛሁት። ሳልሞክረው መስጠቱን ፈርቼ ነው እኔ ላይ የገጠምኩት። አሮጌው ከበለጠው ግን ምን ያደርግልዎታል?»