ውሃ የሚያጣራው ሐረግ

ጡረታ የወጣው ኢንጂነር የአኳሪየሙን ማጣሪያ ሞተር ነቅሎ አወጣና በምትኩ ቤት ውስጥ የሚተከል የአንድ ሐረግ ሥር ውሃው ውስጥ ነከረ። «ተፈጥሮ ራሷን ታጥባለች፤ መብራት ጠፋ አልጠፋ ግድ የላትም» አለ።

እውነትም ስምንት ወር ሙሉ ውሃው እንደ መስታወት ጠራ። ባለቀለም ዓሣዎቹ ሽር ብትን ሲሉ፣ እሱ ሶፋው ላይ ሆኖ የመጣውን እንግዳ ሁሉ ያስተምራል። በምክሩ ሦስት ጎረቤቶች ማጣሪያቸውን ጣሉ። የሦስቱም ዓሣዎች በወሩ አለቁ።

«ተክሉን ፍቅር ነፍጋችሁት ነዋ!» ብሎ ተቆጣቸው። «እኔ በየጠዋቱ እንደምን አደርክ እለዋለሁ። እስቲ እዩት፣ አንድ ቅጠል እንኳ አልረገፈበትም።»

ከዚያ ሚስቱ ወይዘሮ ይርገዱ እህቷን ልታስታምም ደብረ ማርቆስ ሄደች። በአምስተኛው ቀን ውሃው የዕቃ እጣቢ መሰለ። በአሥረኛው ቀን ዓሣዎቹ በጀርባቸው ተንሳፈፉ። ደወለላት።

«ዓሣዎቹ አለቁ! ተክሉ ግን እንደለመለመ ነው። ምን ነክቷቸው ይሆን?»

«ውሃውን አልቀየርክም እንዴ?»

«የምን ውሃ?»

«አንተ ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም እኔ በጀሪካን የምቀይረውን ነዋ።»

ኢንጂነሩ ወደ ተክሉ ዞር አለ። «ታዲያ የተክሉ ሥራ ምን ነበር?»

«የትኛው ተክል? ያንተማ በሁለተኛው ሳምንት ደረቀ። በየጠዋቱ እንደምን አደርክ የምትለው፣ እንዳይከፋህ ብዬ ከመርካቶ የገዛሁልህን ፕላስቲክ ነው።»